የኮሌስትሮል ኪኒን፦ ሳይጠይቁ አይጀምሩት፣ ሳይናገሩ አይተዉት



ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢቆጠሩም በሰፈሬ «ሲስተር» መባሌ አልቀረም። ቡና ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት የመድኃኒት ፌስታል ይዞ «እስቲ ይቺን እዪልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ፌስታል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የማገኘው አንድ መድኃኒት አለ። የስኳሩ ፓኬት ተጋምሷል፣ የደም ግፊቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን የሚለው የኮሌስትሮል ኪኒን ግን ከመድኃኒት ቤት እንደወጣ ነው።

ለምን እንደተተወ ስጠይቅ የማገኛቸው መልሶች ይመሳሰላሉ። «እኔ ያለብኝ ስኳር ነው፤ ኮሌስትሮሌ ደኅና ነው ተብያለሁ።» «ጾመኛ ነኝ፤ ከየት የመጣ ኮሌስትሮል ነው?» «ጉበት ይጎዳል አሉኝ።» «ልጄ መድኃኒት በዛብሽ፣ ተይው አለኝ።» እኔን የሚያሳስበኝ ይህንን ምክንያት ለሐኪሙ የነገረ ሰው እምብዛም አለመኖሩ ነው። ሐኪሙ ይወሰዳል ብሎ ያዝዛል፣ ታማሚው «እሺ» ብሎ ይቀበላል፣ ኪኒኑ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። በሚቀጥለው ቀጠሮም ስለ እሱ የሚያነሳ የለም።

ዛሬ «ውሰዱ» ብዬ ላዝዛችሁ አልተነሳሁም፤ ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው። የምፈልገው ይህ ኪኒን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል አውቃችሁ፣ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ እንድትወስኑ ነው።

ስኳር ከደም ሥር ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ሰው ስኳር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እግር መቆረጥ፣ ዓይን መጥፋትና ኩላሊት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ይሁንና በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተያዙ ሰዎችን በብዛት ለሞት የሚዳርገው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በተለምዶ ሃርት አታክ በምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመመታት ዕድሉ፣ ስኳር ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሁለት እጥፍ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ የሚበዛው ስኳር የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይጎዳል። መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለው ኤልዲኤል በተጎዳው ቦታ እየገባ ይከማቻል። የተከማቸው ነገር አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደሙ እዚያው ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። በልብ ላይ ከደረሰ ሃርት አታክ፣ በአንጎል ላይ ከደረሰ ስትሮክ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ሲጠራቀም አያምም። ስኳር ነርቭንም ስለሚጎዳ አንዳንዱ ሰው የልብ ሕመሙ ራሱ ሲመጣ ደረቱን ላያመው ይችላል፤ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሥራ ዘመኔ ስትሮክ ያገኛቸውን ብዙ አባቶችና እናቶች አስታምሜያለሁ። ስትሮክ የሚመታው አንድ ሰው ቢሆንም የሚተኛው ቤተሰቡ ነው። የአባት ግማሽ ጎን ሲሰንፍ አንዲት ልጅ ሥራዋን ትታ ቤት ትቀመጣለች፤ ባል ወይም ሚስት ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጡ ያድራሉ። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

«ኮሌስትሮሌ ደኅና ነው፤ ታዲያ ለምን ታዘዘልኝ?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በምርመራ ወረቀቱ ላይ ላለው ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ነው። ስኳር ያለበት ሰው የደም ሥሩ ቀድሞ የተጎዳ በመሆኑ ለሌላው ሰው ደኅና የሚባለው የኮሌስትሮል መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው ጠቅላላ አደጋውን ነው፤ ዕድሜውን፣ የደም ግፊቱን፣ ማጨስ አለማጨሱን፣ የኩላሊቱን ሁኔታ፣ በስኳር የቆየበትን ዘመን። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ባዘጋጀው መመሪያም ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለባቸው፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ስታቲን እንዲሰጥ ይመክራል።

ጾምን በተመለከተ፣ ቅቤና ሥጋ መተው ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ስታቲን የሚያደርገውም ይህንን የጉበት ሥራ መቀነስ ነው። በዚያ ላይ የጾም ምግባችን የሚሠራበት የሚረጋ የፓልም ዘይት ኮሌስትሮል ባይኖረውም፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ስብ አለው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰውም ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይግረማችሁ።

ስታቲን ትናንት የመጣ መድኃኒት አይደለም። መነሻውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሻጋታ ውስጥ ያገኙት ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ ናቸው። የመጀመሪያው ስታቲን በአሜሪካ ለሕሙማን የተፈቀደው በ1987 ነው። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ሰዎች ወስደውታል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም በደንብ ተጠንቷል።

መቶ ፍሬ ሽምብራ በሰፌድ ላይ

አሁን ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በዓይናችን እንየው። ሰፌድ አምጡና 100 ፍሬ ሽምብራ ቁጠሩበት። እያንዳንዱ ፍሬ ስኳር ያለበት አንድ ሰው ነው እንበል።

በእንግሊዝና በአየርላንድ የተካሄደና በ2004 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። 2,838 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው፣ ከ40 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው፣ ከዚያ በፊት የልብ ሕመምም ሆነ ስትሮክ ያላገኛቸው፣ ኮሌስትሮላቸውም ያን ያህል ከፍ ያላለ ነበሩ። ግን እንደ ደም ግፊት፣ ማጨስ ወይም የዓይንና የኩላሊት ጉዳት ያለ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ችግር ነበረባቸው። ግማሾቹ በቀን 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ወደ አራት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው።

ውጤቱን በሰፌዱ ላይ እናስቀምጠው። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች መካከል 9 ያህሉ በሃርት አታክ ወይም በስትሮክ ተመቱ፣ አለዚያም የተዘጋ የልብ ደም ሥር ማስከፈት አስፈለጋቸው። ዘጠኝ ፍሬ ወደ ጎን አውጡ። አቶርቫስታቲን ከወሰዱት 100 ሰዎች መካከል ግን ይህ የደረሰባቸው 6 ያህል ናቸው። ካወጣችኋቸው ዘጠኝ ፍሬዎች ሦስቱን መልሷቸው።

እስቲ ሰፌዱን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ዘጠና አንዱ ኪኒኑን ቢወስዱም ባይወስዱም በእነዚያ ዓመታት ምንም አይደርስባቸውም ነበር። ስድስቱ ኪኒኑን እየወሰዱም ተመቱ። ሦስቱ በኪኒኑ ምክንያት ተረፉ። እርስዎ የትኛው ፍሬ እንደሆኑ ሐኪሙም እኔም አናውቅም። ኪኒኑን መውሰድ ማለት ከሦስቱ አንዱ የመሆን ዕድልን መግዛት ማለት ነው።

ይህንኑ ውጤት አንዱ «አደጋውን በ37 ከመቶ ይቀንሳል» ሲል ሌላው «ከመቶ ሰው የሚጠቅመው ሦስቱን ብቻ ነው» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንደኛው ያጓጓል፣ ሁለተኛው ያቀዘቅዛል። ሽምብራውን መቁጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በቃላት አትሸነፉም።

አደጋው ከፍ ባለ ቁጥር የሚተርፈው ፍሬ ይበዛል። በእንግሊዝ አገር የተካሄደ ሌላ ጥናት የልብና የደም ሥር በሽታ የነበረባቸውንም ጨምሮ ወደ 6,000 የሚጠጉ የስኳር ሕሙማንን አካቶ ነበር። በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 100 ሰዎች 25ቱ፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 100 ሰዎች ደግሞ 20ው የልብ ወይም የደም ሥር ችግር ደረሰባቸው። እዚህ የተረፉት አምስት ናቸው። ጥናቶቹ የተደረጉት በሌላ አገር ሰዎች ላይ መሆኑን አትርሱ፤ የእናንተን አደጋ የሚገምተው የእናንተን ካርድ የሚያየው ሐኪም ነው።

ምን ያስከፍላል?

ሚዛን ሁለት ጎን አለውና ሌላኛውንም እንመልከት።

የጡንቻ ሕመም። ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚተወው በዚህ ነው። ለንደን ውስጥ የተሠራ በ2020 የወጣ ጥናት አለ። በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን መረጡ። ለአንድ ዓመት ያህል በአንዳንዱ ወር ስታቲን፣ በአንዳንዱ ወር ባዶ ኪኒን፣ በአንዳንዱ ወር ምንም እንዳይወስዱ አደረጉና ሕመማቸውን በየቀኑ አስመዘገቧቸው። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 ከመቶ ያህሉ ባዶውን ኪኒን ሲወስዱም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ በእርግጥ ታመዋል። ግን በአብዛኛው ያመጣው መድኃኒቱ አልነበረም። ውጤቱን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ወደ ስታቲን ተመልሰዋል። በእርግጥ በመድኃኒቱ ምክንያት ጡንቻው የሚታመም ሰውም አለ። መጠኑ ሲቀነስ ወይም ዓይነቱ ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ግን ጡንቻ ክፉኛ ይጎዳል፤ ከባድ የጡንቻ ሕመም ከድካም ጋር መጥቶ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጉበት። በአንዳንድ ሰው የጉበት ምርመራ ቁጥር በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ ከባድ የጉበት ጉዳት ግን በጣም ብርቅ ነው። የወፍ በሽታ የነበረበት ወይም አሁን የጉበት ችግር ያለበት ሰው ይህንን ሳይጀምር በፊት ይንገር።

ስኳር። ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ ያደረገው በ2012 ነው። ስኳር ላለበት ሰው ከልብና ከአንጎል የሚያድነው ጥቅም ከዚህ ጭማሪ ይበልጣል ተብሎ ስለታመነ ሐኪሞች መስጠቱን አላቆሙም። ከጀመራችሁ በኋላ ስኳራችሁ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት። በተለይ ሲምቫስታቲን እንደ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮች፣ ከአንዳንድ የፈንገስና የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ግሬፕ ፍሩት በብዛት መብላትም ሆነ ጭማቂውን መጠጣት መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

እርግዝና። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች፣ የምታጠባም እናት፣ ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር መውሰድ የለባትም።

ገንዘብና ዘመን። ይህ መድኃኒት ለአንድ ወር ተወስዶ የሚቆም አይደለም። «ቁጥሩ ወረደልኝ፣ ዳንኩ» ብለው ሲያቆሙ ኮሌስትሮሉ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በየወሩ መግዛት የማትችሉ ከሆነ አትፈሩ፣ ገና ሲታዘዝ ተናገሩ። በንግድ ስሙ ከሚሸጠው ይልቅ ያው መድኃኒት በረከሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፤ የጤና መድን አባል የሆነም ይሸፈንልኝ እንደሆነ ብሎ ይጠይቅ።

ለማን ቀላል፣ ለማን ከባድ ውሳኔ ነው?

ቀድሞ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ላገኘው የስኳር ታማሚ ሚዛኑ በግልጽ ወደ መውሰድ ያደላል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ያዛሉ። ከ40 እስከ 75 ዓመት ላለና እስካሁን ምንም ላልደረሰበት የስኳር ታማሚም ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ጥቅሙ ግን በሰፌዱ ላይ እንዳየነው ነውና ማመዛዘኑ የራሱ ነው።

ዕድሜያቸው ከ75 ላለፈና የልብ በሽታ ለሌለባቸው አያቶች መድኃኒቱን አዲስ ስለመጀመር ያለው ማስረጃ ይሳሳል። እዚህ ላይ የሰውዬው ጠቅላላ ጤና፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ብዛትና የራሱ ፍላጎት ይመዘናል። ከ40 በታች ላሉትም፣ በልጅነት ስኳር የያዛቸውን ጨምሮ፣ ሐኪሙ አንድ በአንድ አይቶ የሚወስነው ነው።

ሐኪም ፊት ምን እንጠይቅ?

የሐኪም ቤት ወረፋ እንደምታውቁት ነው፤ ከሐኪሙ ጋር የምናገኘው ደቂቃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ቤት ጻፉት፤ መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ልጆች ይጻፉላቸው። እነዚህ ይበቃሉ፦

1. ዶክተር፣ እንደ እኔ ካሉ 100 ሰዎች በሚመጡት 10 ዓመታት ስንቱ በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ ይመታል? ኪኒኑን ቢወስዱስ ስንቱ?

2. የታዘዘልኝ ስሙ ማን ነው፣ መጠኑ ስንት ነው፣ በስንት ሰዓት ልውሰደው? (ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲን በየትኛውም ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጾም፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ ለዚህ ኪኒን እንቅፋት አይሆንም።)

3. አሁን ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል?

4. ምን ዓይነት ሕመም ሲሰማኝ ልምጣ?

5. ኮሌስትሮሌንና ጉበቴን መልሼ የምመረመረው መቼ ነው?

6. አሁን ባልጀምረውስ? ምግቤን፣ እንቅስቃሴዬንና ደም ግፊቴን አስተካክዬ ከወራት በኋላ ብንነጋገርስ?

ስድስተኛውን ለመጠየቅ አትፈሩ። «ለጊዜው አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው፤ ሐኪሙ ካወቀ ሌላውን መከላከያ ያጠብቃል። ሳይናገሩ መተው ግን ሁለቱንም ያጣል፤ ሐኪሙ እየወሰዳችሁ ነው ብሎ ያምናል፣ ምርመራችሁ ካልተስተካከለም መጠኑን ሊጨምር ወይም ሌላ ኪኒን ሊደርብ ይችላል።

ለልጆችም አንድ ቃል

«እማዬ፣ መድኃኒት በዛብሽ» ማለት ከፍቅር የሚመጣ ነው። ግን አንዱን ኪኒን በግምት ከማስተው፣ ቀጠሮ አብራችሁ ሂዱና «ከእነዚህ የትኛው የግድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌሎች ልጆች ደግሞ ወላጁ ሳይገባው «የግድ ውሰድ» ይላሉ። እንዲህ ተገዶ የተጀመረ ኪኒን እናንተ ዘወር ስትሉ ይቆማል። ከአባታችሁ ጋር ሽምብራውን ቁጠሩ፤ አይቶ የወሰነ ሰው በውሳኔው ይጸናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ልብ በሉ። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የሚላከው ሊፒቶር ያው አቶርቫስታቲን ነው፤ ዞኮር ሲምቫስታቲን፣ ክሬስቶር ደግሞ ሮሱቫስታቲን ነው። እናት እዚህ የታዘዘላትን አቶርቫስታቲን እየወሰደች ከውጭ የመጣላትን ሊፒቶር ብትጨምርበት አንዱን መድኃኒት እጥፍ ወሰደች ማለት ነው። ከመላካችሁ በፊት እዚህ ምን እንደታዘዘ በስሙና በመጠኑ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ ኪኒኑን የወሰነም ያልወሰነም ሰው ሲጋራ መተው፣ በየቀኑ መራመድ፣ የሚረጋ ዘይትና ጨው መቀነስ፣ ደም ግፊትንና ስኳርን መከታተል አይቀርለትም። አብሽም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሽፈራውም ምግብ ናቸውና ብሉ፤ የታዘዘን መድኃኒት ግን አይተኩም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ሳምንት የመድኃኒት ፌስታላችሁን ዘርግፉና ያልተከፈተ ፓኬት ካለ ፈልጉ። ካገኛችሁ አትደብቁት፣ አትጣሉትም፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ሂዱና «ይህንን አልወሰድኩም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» በሉ። ንግግሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ቸር ሰንብቱ።